የተሞረደው የፍሬን ካቦ

መቱ ውስጥ ሳይክል መጠገን የጀመርኩት ባጃጅ ከተማችንን ከማወቁ በፊት ነው። ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ ሳይክል ፈትቼ ስገጥም ብሎን ይተርፈኛል፤ እንደገና እፈታዋለሁ፤ የሚተርፍ እስኪጠፋ ድረስ። ዛሬ ከጎሬም ከቡሬም ሳይክላቸውን በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው የሚመጡት እኔን ብለው ነው። ጉራ ነው የሚሉኝ አሉ። ሥራዬን አይተው ይናገሩ።

አንድ ክረምት አንዲት ወጣት ኮርሳ ሳይክሏን እየገፋች መጣች። ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ ለውድድር የተሠራ ነው። ከጎሬ ወደ መቱ ስትወርድ ወድቃ ክርኗ ተልጦ ነበር። ቁስሉ ሽሯል፤ አባቷ ግን ሳይክሉን ሊሸጠው ቆርጧል። ዞኑን ወክለው የሚወዳደሩት ደግሞ የሚመረጡበት ጊዜ ደርሷል። አባቷን አውቀዋለሁ፤ የባጃጅ ሾፌር ነው። ዝናብ ሲጥል ተሳፋሪ ትቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ሲያመጣ የኖረ ሰው ነው።

«ፍጥነት ነው የጣለሽ ይለኛል» አለችኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ፍሬኑን ያዝኩት ጋሼ። እጄ ላይ ባዶ ሆነብኝ።»

የፍሬኑን መያዣ ፈታሁት። ካቦው ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ጭንቅላት አለው፤ መያዣው ውስጥ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሽቦውን የሚጎትተው እሱ ነው። እዚያ ያገኘሁት ግን የባጃጅ ፍሪሲዮን ካቦ ጭንቅላት ነው። እንዲገባ ተብሎ በሞረድ ተበልቶ ሳስቷል፤ ሽቦው ከውስጡ ሾልኮ ወጥቷል። የእኛ አገር ሰው ወፍራም ካቦ ሲያይ ጠንካራ ይመስለዋል።

«ይህን ማን ሞረደው?»

«አባዬ ነው» አለች። «የድሮው ተበጠሰ፤ ገበያ ውስጥ አጣን። ከባጃጁ መለዋወጫ አውጥቶ ስንት ደክሞበታል። በእናትዎ ጋሼ፣ እንዳይነግሩት። አብዝቼ ስለበረርኩ ነው ብዬዋለሁ።»

«ሳይክሉ ቢሸጥስ?»

«ይሸጥ። እሱ ይህን ካወቀ እንቅልፍ አይወስደውም።»

እሺ አልኳት። ከዚያ የፍሬንና የማርሽ ካቦ እንዲልክልኝ አዲስ አበባ ለሚገኝ መለዋወጫ ሻጭ ደወልኩ።

«አባባ፣ ካቦ ሁሉ አንድ ነው» አለኝ።

«ማነው አንድ ያለህ? የማርሹ ቀጭን ነው፤ የፍሬኑ ወፈር ይላል። የኮርሳ ፍሬን ጭንቅላቱ ወደ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ካቦው የሚያልፍበትን ሽፋንም እንዳታሳስተኝ፤ የፍሬኑ ውስጡ እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ሽቦ ነው፤ የማርሹ ሽቦዎች ቀጥ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ናቸው። የማርሹን ሽፋን ለፍሬን ብታስገባው አጥብቀው ሲይዙት ይተረተራል። የሽፋኑን ጫፍ ቆርጠህ ፎቶ ላክልኝ።»

ፎቶውን ላከ። አንዱ ተሳስቷል፤ አስቀየርኩት። ካቦው በአውቶቡስ ሲደርስ አባትየውን ጠራሁት።

«ና እስቲ ይህን አስገባልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አልኩት። ዓይኔ እንኳን ካቦ ቁንጫ ያያል።

አዲሱን ካቦ ወደ መያዣው አስገባ። ጭንቅላቱ ቦታው ላይ ገብቶ ቁጭ አለ። አውጥቶ አየው፤ መልሶ አስገባው፤ እንደገና አወጣው። ከዚያ ቀና አለ።

«የእኔው የት አለ?»

«ጣልኩት።»

«ጋሼ፣ ውሸት አይችሉበትም።»

ይህ እውነት ነው። ብዙ ነገር እችላለሁ፤ ውሸት ግን አልሆነልኝም። መሳቢያውን ከፈትኩለት። የሞረደውን መዳፉ ላይ አድርጎ አየው።

«እኔ ነኝ የጣልኳት» አለ።

«ገበያ ያጣውን በእጅህ ልትሠራላት ሞከርክ። ከእንግዲህ ሞረድ ከመያዝህ በፊት እኔን ጠይቅ።»

«እሷ ታውቃለች?»

ፒንሳዬን አንስቼ ሽፋኑን መቁረጥ ጀመርኩ። ገባው። ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ «እንዳወቅኩ እንዳይነግሯት» አለኝ። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት አደራ ጣሉብኝ። መቼም ለዚህ የሚታመን ሌላ ሰው መቱ ውስጥ አልነበረም።

ፍሬኑንም ማርሹንም እኔው ገጠምኩ። ዝናቡ ባረፈ ማግስት ከጎሬ ስትወርድ ከአባቷ ጋር ቁልቁለቱ ግርጌ ባጃጁን አቁመን ጠበቅናት። እሱ ቁጭ ማለት አልቻለም፤ መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን አጣብቆ ይዟል። ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ፍሬኑን ያዘችው። ጎማው ትንሽ ሲጥ አለና ሳይክሉ አጠገባችን ቀጥ ብሎ ቆመ።

አባትየው ጎንበስ ብሎ የፍሬኑን መያዣ ራሱ ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጨበጠ። እሷ በፍርሃት ታየው ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተንቀረፈፍሽው?» አላት። «ምርጫው ላይ እንዲህ ከወረድሽ ማን ይመርጥሻል?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ የማርሹን ካቦ እየነካካሁ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም።

«ጋላቶማ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችኝ፤ ሳይክሏንም አዙራ ዳገቱን እንደገና ልትወጣ ተነሳች። አባቷ ባጃጁን አስነስቶ ከኋላዋ ተከተላት። እኔን መቱ ማድረስ ረስቶ ስለነበር በእግሬ ተመለስኩ።