በጠረጴዛ ላይ የሄዱ ሁለት ጣቶች

...ጣቶቹን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የፈረንጁ ሐኪም ሁለት ጣቶች ጠረጴዛችን ላይ እንደ ሰው እግር ተራ በተራ እየተነሱ ሲሄዱ።

ከፋሲካ በኋላ ነበር። ጉልበቴን ቢያመኝ፣ ልጄ በቀለ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ሐኪም ይዞልኝ መጣ። በቀለ እዚሁ አዳማ ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው፤ ፈረንሳይኛ ያውቃል። እኔ አላውቅም። ሐኪሙም ያኔ አማርኛ አያውቅም።

ምን አለ ብዬ ልጄን ጠየቅኩት።

«መሄድ ክልክል ነው አለ፣ አባባ። ከሄዱ እግርዎ ይቆረጣል።»

ጣቶቹስ? ልለው ፈልጌ ነበር... አላልኩም። ዓይኔን ትቼ ልጄን አመንኩ።

እስከዚያ ድረስ በየማለዳው እስከ ጣቢያው በእግሬ እሄድ ነበር። መንገድ ላይ ወተት ሻጯ ጫልቱ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደሩ፣ ትለኛለች። ጣቢያው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ከቆዳ ነጋዴው ወዳጄ ከሙሄ ጋር ተቀምጠን የተጣላ እናስታርቃለን።

በቀለ ዘንጌን ወስዶ እጄ የማይደርስበት ወራጅ ላይ ሰቀለው። እንዳያምርዎት ብዬ ነው አለ። ክረምቱን ሙሉ መደብ ላይ ተኛሁ። መጀመሪያ እግሬ አበጠ። ከዚያ ባቴ ከስቶ አጥንት ብቻ ቀረ። መስከረም ሲጠባ፣ ከመደቡ እስከ በሩ ያለው ዘጠኝ እርምጃ ግድግዳ ይዤ የማልጨርሰው መንገድ ሆነ።

ሙሄ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ዋርካው ሥር በአንተ ቦታ ልጅህ ይቀመጣል፣ አባቴ ከእንግዲህ አይችልም ብሎናል አለኝ። እንዲያውም ደስ አለኝ... ልጄ ተከበረ ብዬ።

ትናንት ጧት ሐኪሙ በባቡር ሲያልፍ ጎራ አለ። አሁን ጥቂት አማርኛ ለምዷል፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው። ጋቢዬን ገልጦ እግሬን አየ።

«ለምን ተኛህ?»

«እንዳልሄድ ከልክለኸኝ ነዋ።»

«እኔ?» ዞሮ በቀለን አየው። ከዚያ ወደ እኔ። «እኔ ሂድ አልኩ። ቀን ቀን ሂድ። እስከ ባቡር።»

እነዚያ ሁለት ጣቶች ጠረጴዛው ላይ እንደገና ሄዱ።

በቀለ በሩ አጠገብ ቆሟል። ቀና አላለም። ባቡሩ ሲያፏጭ ሐኪሙ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ።

ሁለታችን ቀረን።

«ዘንጌን አውርድልኝ» አልኩት።

ወራጁን አየ። እኔን አየ።

«ይረፉ፣ አባባ። ሰዎቹ ዋርካው ሥር እየጠበቁኝ ነው።»

ያለ ዘንግ ተነሳሁ። ግድግዳውን ይዤ አንድ... ሁለት... ስድስት... አልወደቅኩም።

ሰባት ስል በቀለ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው።