ነፋስ የሚያዞረው ክሬን

ሰፈሩ ጉልላት ይለዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጦ የሠራ ክሬን ኦፕሬተር ነውና። ስምንት ፎቅ ይደርሳል የተባለው የመንግሥት ሆስፒታል አምስተኛው ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት ሞላው። ጉልላት ግን በየቅዳሜው ማለዳ ግራሶና ጨርቅ ይዞ የክሬኑን መሰላል ይወጣል፤ የመዞሪያውን ጥርስ ጠርጎ ይቀባል። ያዘዘው የለም፤ የሚከፍለውም የለም። በሌላው ቀን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል።

«ያገባኸው እኔን ነው ክሬኑን?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ያገባሁትስ አንቺን ነው። እሱን እያስታመምኩት ነው።»

ሥራው የቆመበት ምክንያት ለማንም ድብቅ አልነበረም። መንግሥት በደጉ ጊዜ ለመንገዱም፣ ለድልድዩም፣ ለሆስፒታሉም ከውጭ ሲበደር ከርሞ የመክፈያው ቀን ተያይዞ መጣ። ለፌሮና ለሲሚንቶ የተያዘው በጀት ወደ ዕዳው ዞረ። ሦስት መቶ ሠራተኛ ተበተነ። እነሱን ተከትሎ ብሎኬት አምራቹ በሩን ዘጋ፤ የሚከራዩ ክፍሎች ባዶ ቀሩ፤ ከሳይቱ በር ፊት ለፊት ሸራ ወጥረው ሻይ የሚሸጡት እትዬም ትልቁን ማንቆርቆሪያ ሰቅለው በትንሹ ተወሰኑ።

አንድ ቅዳሜ እኚሁ ሴት ገና ከሩቅ ጠሩት።

«አንተ ጉልላት! አፍህን ዘግተህ ሥራ ጀመርክ አይደል? ትናንት ሲዞር አየሁት እኮ!»

ትልቁ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ነበር። ሃያ ብርጭቆ ታጥቦ ተደርድሯል።

«ነፋሱ ነው፣ እትዬ።»

«ነፋስ ደግሞ መቼ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው?»

መሳቅ አቃተው። ክሬን ሥራ ሲፈታ የመዞሪያው ፍሬን እንደሚለቀቅ፣ ክንዱ ነፋሱ ወደወሰደው እንዲሄድ እንደሚተው፣ ታስሮ ከቆመ ግን ዐውሎ እንደሚጥለው አስረዳቸው። እትዬ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ መለሱ። ፍሬኑን የለቀቀው እሱ ነውና ያታለላቸውም እሱ መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። ሥራው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጀመረ ኮንትራክተሩ ክሬኑን ፈትቶ ሊወስድ ነው። በከተማው ሌላ ክሬን የለም፤ አንዴ ከተፈታ ደግሞ መልሶ የሚተክለው አይገኝም። ጉልላት ጆንያ ተሸክሞ ከመጋዘኑ በወጣ ቁጥር የክሬኑ ክንድ ከጣሪያዎቹ በላይ መኖሩን ቀና ብሎ ያይ ጀመር።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አበዳሪዎች በዕዳ ሽግሽግ መስማማታቸውን ሬዲዮው ተናገረ። ዕዳው አልጠፋም፤ መክፈያው ለዓመታት ተራዘመ እንጂ። ጉልላት አላመነም። ማታ የሳይቱ ኢንጂነር ደወለለት።

«ለጊዜው የምጠራው ግማሹን ሰው ነው። አንተ ግን ነገ ውጣ። ብቻ ክሬኑ ካልተነሣ፣ ለጥገና የተያዘ ሳንቲም የለም። እወቀው።»

በማግስቱ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ተጫነ። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ደግሞ ተጫነ። ተነሣ። እጀታውን ቀስ አድርጎ ሲገፋው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራሶ ሲጠጣ የኖረው ጥርስ ያለ አንዳች ሲጥሲጥታ ዞረ። ጉልላት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደገፈና «ተመስገን» አለ።

ለዕረፍት ሲወርድ ትልቁ ማንቆርቆሪያ እየፈላ ነበር።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ሸራዬ ወዲህ ይውለበለባል፣ ያንተ ክንድ ወዲያ ይሄዳል። ይሄስ ነፋስ አይደለም አልኩና ጣድኩት።» ብርጭቆውን አፉ ድረስ ሞሉለት። «በል ቁጭ በል። ስኳር ጨምሬበታለሁ።»