በአማካይ የኖረው መንደር

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «እሜቴ አማካይ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሾፌሩ ነው፤ ያወጣውም ያለ ነገር አይደለም። ሥራዋ፣ የአየር ንብረቱ እየከፋ ሲሄድ ከአገሪቱ መንደሮች የትኛው ቀድሞ ውሃ እንደሚያጣ መለካት ነበር። ከየመንደሩ ቅጽ ይመጣላታል፦ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የዝናቡ መጠን፣ የሚቀዳው ቤተሰብ ብዛት። እሷም ደምራ አካፍላ ከመቶ ነጥብ ትሰጣለች። ነጥቡ ከፍ ካለ አደጋው ከፍ አለ ማለት ነው። ቅጹ ባዶውን ከመጣ ደግሞ የጎረቤት መንደሮችን አማካይ ትሞላበታለች። ደንቡ ይፈቅዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ አታውቅም።

አንድ መንደር አምስት ዓመት በተከታታይ ባዶ ቅጽ ላከ። ቀንና ፊርማ አለው፤ የቀረው ነጭ ነው። «ምን ዓይነት ሰነፍ ነው!» እያለች በየዓመቱ አርባ ሦስት ሰጠችው። አርባ ሦስት መካከለኛ ነው። ለመካከለኛ መንደር የውሃ ቦቴ አይላክም።

በስድስተኛው ዓመት ጥቂት መንደሮች በአካል ይታዩ ተባለና ወደዚሁ መንደር ወጣች።

«እሜቴ፣ ዛሬ አማካዩን በዓይንሽ በብረቱ ልታዪው ነው!» አላት ሾፌሩ። ሳቀች።

ረፋድ ላይ ደረሱ። ቤቶቹ ሁሉ በውጭ ተቆልፈዋል፤ ቁልፎቹ ዝገዋል። የአንዱ ቤት የልብስ ገመድ ላይ ፀሐይ ያነጣው የሕፃን ካልሲ ተሰቅሏል።

«ውሻ እንኳ የለም እኮ» አለ ሾፌሩ፣ ሰው የሚቀሰቅስ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከወዲያ በኩል ሲጥ ሲጥ የሚል የብረት ድምፅ ሰሙ። ተከትለውት ሲሄዱ አንድ ሽማግሌ የእጅ ፓምፑን እጀታ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ሥራዬን ነዋ። የፓምፑ ጠባቂ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሃምሳ ጊዜ እሞክረዋለሁ።»

«ባዶውን ቅጽ የሚልኩት... እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ምን ልጻፍ ልጄ? ጥልቀት ይላል፣ ውሃው የለ። ስንት ቤተሰብ ይቀዳል ይላል፣ የሚቀዳ የለ። የሌለውን ብጽፍ ውሸት ሆነብኝ። ባዶ መሆኑን ያየ ሰው ይመጣል ብዬ ፈርሜ ላክሁ።»

«ሰዉ መቼ ሄደ?»

«ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት። የቀረነው ቦቴ ይመጣል ብለን ሁለት ዓመት ጠበቅን። ባለቤቴም ስትጠብቅ የኩሬ ውሃ ጠጥታ ሆዷን አመማት፤ ሳምንትም አልቆየች።»

እሜቴ አማካይ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ግን አፏ አላስቻላትም።

«አባባ፣ ቦቴው የቀረው በእኔ ነው። ባዶውን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩአት። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም።

«ቁጥሬን አሳሳትሽኝ» አሉና እጀታውን ጨብጠው ከአንድ ጀመሩ።

ሃምሳ እስኪሞላ ቆማ ሰማች።

ቢሮ ስትመለስ ኃላፊዋ «አንድ መንደር ከስሌቱ ቢወጣ የአገሩ ነጥብ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ምን አስጨነቀሽ?» አላት። በአማካይ የሞላቻቸውን ቅጾች ከመዝገብ ቤት አስወጥታ ሠላሳ አንድ መንደሮች አገኘች፤ ለየፓምፕ ጠባቂው ስልክ ደወለች። ሃያው አነሡና ያላቸውን ውሃ ነገሯት። ከቀሩት አሥራ አንድ፣ መኪና ሲላክ በአራቱ ሰው ተገኘና ቦቴ ደረሰላቸው። ሰባቱ ቁልፍ ብቻ ነበሩ። ነጥቦቹ የሚወጡበት የአገሩ ካርታ በዚያ ዓመት፣ ሰባቱን በአማካይ ስላልሞላቻቸው፣ ሰባት ነጭ ቦታ ይዞ ታተመ፤ እሷም ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች።

አሁንም ምሳ ሰዓት ላይ ለሰባቱ ትደውላለች። አብራት የምትኖረው እህቷ አንድ እሑድ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትቆይ አየቻትና፣

«ማንም እንደሌለ እያወቅሽ?» አለቻት።

«ድሮም አውቃለሁ ብዬ ነው ሳልጠይቅ የሞላሁት» አለችና ቀጣዩን ቁጥር መታች።