የጎረቤታችን ሰባት ቤት

በዘጠናዎቹ ዓመታት ጋርላንድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ስንኖር፣ ጎረቤታችን ከካሪቢያን ባሕር ዳር ከተማ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የትውልድ ከተማዋን ሽማግሌና አሮጊት በስልክ እየጠየቀች፣ ማን ከማን እንደተወለደ በወረቀት ጽፋ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ቴሌቪዥኗ እንኳ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ኋላ ተደብቆ ቀርቶ ነበር።

አባቴን ከጎንደር ካመጣሁት ገና ዓመቱ ነበር። ሰውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል፤ የሚመልስለት ሲያጣ ይናደዳል። ያንን ግድግዳ ያየ ቀን ግን ፊቱ በራ። «እዚህ አገርም ሰው አለ ለካ!» አለ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን የሰርግ ጥሪ ይዛልን መጣች። እዚያው አጠገባችን ሪቻርድሰን ከተማ የሚኖር ያገሯን ልጅ ልታገባ ነው። አባቴ ጥሪውን አስነበበኝ። የሙሽራውም የሙሽሪትም የመጨረሻ ስም አንድ ነው።

«ወንድሟን ልታገባ!» ብሎ ተነሣ።

«አባዬ፣ እዚህ እኮ ላስት ኔም ማለት የአባት ስም አይደለም፤ ሶ...»

«አባት ያልሆነ ሰው ስሙ እዚያ ምን ይሠራል?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባለው ለአባቴ ነው፤ የወለደው ደግሞ እኔን ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አንድ ባለታክሲ ሽማግሌ አስከትሎ ጎረቤታችን ሳሎን ገባ። ሙሽራውም ተጠራ። ስድሳ ዓመት ያለፈው መልካም ሰው፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት መስሎት፣ ከረባት አስሮ ኬክ ይዞ መጣ።

«እስከ ሰባት ቤት ቁጠር» አለው አባቴ። እያፈርኩ ተረጎምኩ። ሰውየው ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ እንዴት እንደሚቆጠር ለማሳየት የራሱን ሰባት በአንድ ትንፋሽ ወረደው።

ጎረቤታችን መቆጣት ሲገባት ሳቀች። ለካ እሷም ፖስታ ሣጥናችን ላይ ሁለት የተለያየ የመጨረሻ ስም አይታ፣ ዓመት ሙሉ አባቴን ተከራዬ ታደርገው ኖሯል! አባቴ ክፉኛ ከፋው።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። የግድግዳው ጫፍ ላይ ያለውን ስም አሳየችን።

«ይህ አባታችን አይደለም። ቅድመ አያቶቻችንን የገዛቸው ሰው ነው። ከከተማችን ወንዝ ወዲህም ወዲያም ያሉት ባሮቹ ነበሩ፤ ለሁሉም ስሙን ለጠፈባቸው። የእኔዎቹ ከወዲህ ናቸው፣ የሙሽራዬ ከወዲያ። ከዚያ በላይ ያሉትን ግን ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

ተረጎምኩለት። አባቴ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ያንን ስም አተኩሮ አየው።

«ሰርጉ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ሙሽራ ግን ወገን ሳይቆጠርላት አትዳርም። ነይ ልጄ፣ ከእኔ ቁጠሪ።»

አጠገቡ አስቀምጦ አያቶቹን አንድ በአንድ አስጠናት። የጎንደር ስም ምላሷን እያሰናከላት ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እንባዋ ወረደ። እኔም አለቀስኩ።

ሙሽራው «እኔንስ?» አለ።

አባቴ ደነገጠ። «አንተማ አይሆንም! ከእኔ ከተቆጠርክ ወንድሟ ልትሆን ነው!»

ባለታክሲው ወንበሩን ወደ ሙሽራው ሳበ። «ግዴለም፣ ከእኔ ይቆጠር» አለ። አባቴ ግን እጁን አንሥቶ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። መጀመሪያ እሱና ባለታክሲው እንደማይዛመዱ መጣራት ነበረበት።