እንባዬን የዘጋችው ኪኒን

በፎገራ ሜዳ ላይ እንደኔ የሚያስቅ ሰው የለም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እኔ ስለው የሰሙ ሁሉ ይሉታል። ደሞ እንደኔ የሚያስለቅስም አልነበረም። ሠርግ ላይ ግጥም ስደረድር ሙሽራዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሻሿን ትነክሳለች። ለቅሶ ላይ ሙሾ ሳወርድ ከሟች ጋር በድንበር ሲካሰስ የኖረ ሰውዬ እንኳ ደረቱን ይደቃል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግጥሙንም ሆነ የሩዝ መፈልፈያ መጠገኑን ማንም አላስተማረኝም፤ አንዱን በጆሮዬ፣ ሌላውን ፈትቼ በመበተን ተማርኩት። ወረታ ውስጥ እጄ ያልገባበት የሩዝ ወፍጮ ካለ፣ ገና ያልተበላሸ ነው።

ሕመሙ የመጣው ምንም ሳይጎድለኝ ነው። ሚስቴ ደህና፣ ልጆቼ ደህና፣ ወፍጮዬ ደህና። ብቻ አንድ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ አጠገቡ ስቆም "በቃ፣ በቃ፣ በቃ" ሲል ሰማሁት። የማሽን ድምፅ ማዳመጥ እንጀራዬ ነው፤ ብሎን ሲላላ ከመንገድ ማዶ ሆኜ አውቃለሁ። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ የሚያዞረውን ቺንጋ ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩት። "በቃ፣ በቃ" አለኝ። ካጠፋሁት በኋላም ሆዴ ውስጥ መዞሩን አልተወም። ምግብ ተውኩ። ቀልዱን ግን አልተውኩም። ሰው ሲስቅልኝ እኔ ከራሴ ጀርባ የቆምኩ ያህል አየው ነበር፤ ማን እንደሚያስቀው ግራ እየገባኝ።

እናቴ ቁሐር ሚካኤል ነበር የምትኖረው። "ልጄን ሰው በልቶታል" ብላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዛኝ ሄደች። ሰባት ቀን ተነከርኩ። ገላዬ እንደ ሙሽራ ገላ ለሰለሰ፣ ለዓመታት ያሠቃየኝ ወገቤ ተወኝ፣ ውስጤ ግን እንደገባ ወጣ።

በመጨረሻ ሚስቴ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የአእምሮ ሕመም የምታየው ሲስተር ከሌላ አገር የመጣች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። እሷንም ላስቃት ሞከርኩ። ደህና አድርጋ ከሳቀችልኝ በኋላ፣ "አሁን ደሞ የማያስቀውን ይንገሩኝ" አለች። እዚያው አለቀስኩ። ኪኒን ሰጠችኝ፣ ማታ ማታ አንድ። ፓኮው ውስጥ ያለችውን የእንግሊዝኛ ወረቀት በመዝገበ ቃላት ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ጨረስኳት። ከኔ በቀር እስከ መጨረሻው ያነበባት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ኪኒኗን አልበድላትም። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ መጣ። ወር ሲሆነኝ ሽሮው ሽሮ ሽሮ አለኝ። አንድ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣው ሞተር ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ቱፍ ቱፍ ከማለት በቀር ምንም አይናገርም። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ።

ጉዳቷም ነበረ። አፌ የሚያዝያ መሬት ሆነ። ምላሱ ላንቃው ላይ የሚጣበቅ ቀልደኛ አስቡልኝ! ቀልዱ ሊያልቅ አንዲት ቃል ስትቀረው ከንፈሬ አልላቀቅ ይላል፣ ሰው ይጠብቃል፣ እኔ ውኃ እጎነጫለሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ከብብቴ ጠፍቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴ በጥጥ የተሞላ ይመስለኛል። አልጋ ላይ ስላለው ነገር አልጽፍም፤ ሚስቴ ማንበብ ትችላለች።

እናቴ የሞተችው በነሐሴ ነው። ቁሐር በነሐሴ ሜዳ አይባልም፤ ሩዙ ከውኃው በላይ ጫፉን ብቻ ያሳያል። አስከሬኗን በትከሻችን ተሸክመን፣ ጉልበታችን ድረስ እየጠለቅን ቤተ ክርስቲያኑ ደረስን። መቃብሩ ተቆፍሮ ሲጠብቀን ከሥሩ ውኃ መነጨ። ሁለት ሰዎች ገብተው በባልዲ ይጨልፋሉ፤ በጨለፉ ቁጥር መልሶ ይሞላል። ቄሱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እናቴ በአቡጀዲ ተጠቅልላ አጠገቤ ተኝታለች። እኔ ምን አልኩ?

"ባለ ሁለት ኢንች ፓምፕ ቢኖር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቀልድም አልነበረም። ጉድጓዱን ሳይ የታየኝ ፓምፕ ነው፤ ቱቦውን በየት በኩል እንደማወጣው ጭምር። ሐዘኑ እንዳለ አውቃለሁ። ከግድግዳ ማዶ ጎረቤት ዕቃ ሲያነሣ ሲጥል እንደሚሰማው ይሰማኛል፤ በሩን ግን አላገኘሁትም።

ሰው ሁሉ ሙሾዬን ይጠብቃል። ለባዳ ሳወርድ የኖርኩ ሰው፣ ለናቴማ! አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ተጣብቋል። ጠርሙሴን ከብብቴ አወጣሁና ጠጣሁ።

የናቴ ታናሽ እኅት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር።

"አየ! ለኅቴ እንባ አጣህላት፣ ለጉሮሮህ ግን ውኃ አላጣህም!"

"አክስቴ፣ መድኃኒቱ ነው፣ አፌን..."

"እሰይ መድኃኒት! እናት የሚያስረሳ መድኃኒት! ለኔም አምጣልኝና ልረፍ እንጅ!"

አንዱ ከኋላ፣ "ጠግቦ ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ በሕልሜ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ኪኒኗ የምትሰጠኝ እንቅልፍ ሕልም የለውም፤ ስተኛ መብራት እንደሚጠፋ ነው። አንድ ጠዋት ሚስቴ እሳት እያያያዘች፣ "እናትህን አየኋት" አለችኝ።

"የት?"

"በሕልሜ ነው እንጅ። ደጃፋችን ላይ ቆማ። እግሯ ርሷል።"

"ምን አለች?"

"ምንም። እግሯን ብቻ ታያለች።"

ለምራቷ መጥታ ለኔ ቀረች! ያን ሳምንት ኪኒኗን ተውኩ። ለአርባዋ ሠላሳ ቀን ገደማ ይቀረው ነበር፤ ተዝካሯ ላይ ማልቀስ ፈለግኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንደ መካኒክ ሳስበውም ልክ መሰለኝ፤ የተጠገነ ሞተር ላይ መፍቻ ሰክቶ የሚሄድ ማን አለ? ሲስተር "በራስዎ እንዳያቆሙ" ብላኛለች፣ ወረቀቷም ላይ አንብቤዋለሁ። አልረሳሁትም። ማታ ሚስቴ እያየችኝ ኪኒኗን ምላሴ ሥር እደብቅና ውጭ ወጥቼ እተፋታለሁ።

መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ። ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ እንደነካው ይነዝረኝ ጀመር። ቀጥሎ እንባው መጣ፣ ደስ አለኝ! አንዲት ሴት ሩዟን አሸክማ መጥታ "እንዴት ዋልክ?" ስትለኝ አለቀስኩ። በሬ በመንገድ ሲያልፍ አይቼ አለቀስኩ። ይኸው የናቴ ልጅነቴ ተመለሰ አልኩ። ሳምንት አልቆየም፤ እንባውም ጥሎኝ ሄደና ያ የድሮው መጣ። ሞተሩ እንደገና "በቃ" አለኝ። በፊት ስሰማው እፈራ ነበር። አሁን "እሺ" እለው ጀመር።

አርባዋ ደረሰ። ውኃው ጎድሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ድንኳኑን ሞልቶታል። ተነሣሁ። ዕድሜ ልኬን ካወረድኩት ሁሉ የሚበልጥ ሙሾ ያን ቀን ወረደልኝ፤ እስካሁንም እኮራበታለሁ። አክስቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አፍነው ተንሰቀሰቁ። ብዙውን አላስታውሰውም፣ አንዷን ግን አልረሳም፦

ይህ ሁሉ ሜዳ ሳለ ለኔ ብቻ ጠቦ፣
ቦታ ያዥልኝ እምዬ፣ ልምጣ ልብሴ ታጥቦ።

ሙሾ ላይ እንዲህ ይባላል። ልከተልሽ፣ ጠብቂኝ የማይል አልቃሽ የለም፤ ብሎ ብሎ ንፍሮውን ቆርጥሞ፣ ጠላውን ጠጥቶ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ማንም አልደነገጠም። "ዛሬ ገና ልጅ ሆነላት!" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቴ መጥታ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"መፍቻዎችህን ለምን አጠብካቸው?"

"ቆሽሸው።"

"ሃያ ዓመት ቆሽሸው ኖረዋል።"

"እንግዲህ ጨዋ ሆንኩ።"

"አትቀልድብኝ! በቁመታቸው ደርድረሃቸዋል። ማን እንዲረከባቸው ነው?"

አንዱን መፍቻ አነሣሁና መልሼ እዚያው ቦታው አስቀመጥኩት።

"ቦታ ያዥልኝ ያልካት የምርህን ነው?"

"የምሬን ነው" አልኳት።

ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ክንዴን እንደያዘች ጤና ጣቢያ እስክንደርስ አለቀቀችኝም። በመንገድ የሚያውቀን ሁሉ፣ "ምነው ዛሬ እንደ ሙሽራ ተያያዛችሁ?" ይላል።

ሲስተር፣ "ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?" አለችኝ።

"ወር።"

"ለምን አቆሙ?"

"እናቴን ላለቅስላት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንባዎ እንደጠፋ ለምን አልነገሩኝም? መጠኑን መቀነስ ይቻል ነበር። ሌላ ዓይነትም አለ።"

"በእንባ ጉዳይ ሐኪም ቤት የሚኬድ አልመሰለኝም፣ ሲስተር።"

"ደሞ የመድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐዘን ራሱ የሚያደርቀው ሰው አለ።"

ይቺን አላመንኳትም። ለማጽናናት የምትለው መሰለኝ።

ኪኒኑን ቀየረችልኝ፤ ለጊዜው ብቻዬን እንዳልሆን ለሚስቴ አደራ ሰጠቻት፣ በየሳምንቱ እየጠራች አየችኝ። በአዲሱ አፌ አይደርቅም፣ በምትኩ ወፈርኩ። አገሩ "ወፍጮው ያዘለት" ይላል። ሞተሩ ዝም አለ። እንባው ግን አልተመለሰም፤ አንዳንዴ ዓይኔ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ሐሳቡን ይቀይራል። ሙሾም አንድ ስንኝ አልወጣልኝም። ሠርግ ላይ ግን አሁንም የሚችለኝ የለም።

ለካ የአርባዋ ቀን አንዱ በስልኩ ቀድቶኝ ኖሯል። ሙሾዬ ከቁሐር ወጥቶ ወረታ ገባ፣ ይፋግ ገበያ ደረሰ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ያ ሰውዬ ከኋላዬ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ድምፁ የኔ ነው። እሱ ግን እኔ የማልችለውን ይችላል፤ እንደሱ ያለ አልቃሽ አይቼ አላውቅም። ደሞ መሞት ይፈልጋል። "ቦታ" ሲል ቀሪውን ላለመስማት ሻዬን ጥዬ እወጣለሁ። ከጀርባዬ እየተከተለ ይጨርሰዋል።

ባለፈው ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ባጃጅ ተሳፈርኩ። የሚነዳው ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። ሙሾዬን ከፍቶታል፤ ባጃጁ ይሄዳል፣ መውረድ አልቻልኩም።

"ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?" አለኝ በመስተዋቱ እያየኝ።

"በዝና።"

"ሞቷል አሉ።"

"ውሸት ነው። ወፍሯል አሉ።"

ከት ብሎ ሳቀ። ትንሽ እንደነዳ፣ "እናቴ ስትሞት እንባ እምቢ አለኝ" አለ። "ሰው ታዘበኝ። ከወር በኋላ ይሄን ስሰማ መንገድ ዳር አቁሜ አለቀስኩ።"

"መድኃኒት ትወስድ ነበር?"

"የምን መድኃኒት?"

ያላመንኳት የሲስተር ቃል ትዝ አለችኝ። ባጃጁ ሲንገጫገጭ ያቺ ስንኝ መጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ከሷ ቀጥሎ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንዲት ሴት ትጮኻለች። "ያዙልኝ! እባካችሁ ያዙልኝ! የምሩን ነው!"

ሚስቴ ናት። ሰው ሁሉ የምታለቅስ መስሎት ዝም ብሏታል። እኔም ያን ቀን አልሰማኋትም። በማግሥቱ መፍቻዎቹን አይታ የነቃች ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚያ በፊት አውቃ፣ ለሰው ተናግራ፣ የሚሰማት አጥታለች። ያን ማታ "ሞቀኝ" ብላ በሩ ሥር አንጥፋ የተኛችው ለምን እንደሆነም ገና አሁን ገባኝ። ወሬውን አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

"ደረስን" አለኝ ባለ ባጃጁ።

"ዙርና ድገመው።"

"ማልቀስ አማረዎት እንዴ?"

"አይ፣ ሚስቴ እዚያ ውስጥ አለች። እሷን ልስማት።"