ሳጥኑ ውስጥ የነበረው እርጥብ ጨርቅ

የቤተ ሙከራዋ ሠራተኛ ቂሟን እንደ ሕፃን አዝላ ስትዞር ሰባት ወር ሆናት።

የሙዝ ግንድ ቀቅላ፣ አንጥታ፣ ቃጫውን ዓይን እስከማያየው ድረስ አድቅቃ፣ ፕላስቲክ የሚመስል ስስ ወረቀት የሠራችው እሷ ነበረች። የካርቦን ቀለም ሲቀባ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እየታጠፈም ትንሽ አምፖል ያበራል። አለቃዋ ዶክተሩ ግን ሥራውን በራሱ ስም ብቻ አሳተመው። "የእኔስ ስም?" ብትለው ሰው ፊት ሳቀባት።

"አንቺ እኮ እቃ አጣቢ ነሽ!"

ዋጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወረቀቱ ግን አንድ አመል ነበረው፤ በጣም ከደረቀ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። ስንቱ ተሰብሮባት ነው ይህን ያወቀችው። ስለዚህ በምታኖርበት ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ ታስቀምጥለት ነበር። ወረቀቱን የሚያዩ እንግዶች ሊመጡ ሳምንት ሲቀር ዶክተሩ ሳጥኑን ከፍቶ ጨርቁን አየና አፍንጫውን ነፋ።

"ይሄን ቡቱቶ አንሺልኝ!"

ልትነግረው ምላሷን በላት፤ ነከሰችው። "እሺ ዶክተር" ብላ አነሳችው። እሱ ራሱ ወረቀቱን መብራት በሚያግለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ አጋድሞ ቆለፈበት።

በቀኑ ክራቫቱን አስተካክሎ እንግዶቹ ፊት ቆመ። "እንደ ጨርቅ ይታጠፋል!" አለና አጠፈው። ቋ ብሎ ለሁለት ተሰበረ፤ አምፖሉም ድርግም አለ።

ዶክተሩን ላብ አጠመቀው፤ ጥግ ወደቆመችው ሠራተኛ ዞረ። "ምን ሆኖ ነው? ንገሪያቸው እንጂ!"

መጥረጊያዋን አነሳች።

"እኔ ምን አውቄ ዶክተር? እቃ አጣቢ አይደለሁ?" አለችና ስብርባሪውን ከጫማው ሥር ጠረገችው።