ሳንባ በአባዬ ካፖርት ኪስ

የቤታችንን በር የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ውሻ ያዙ!» ነው። እኛ ደግሞ ማናችንም ከመቀመጫችን ሳንነሳ «አይናከስም፣ ግቡ!» እንላለን። እውነት ነው፣ ውሻችን ሰው ነክሶ አያውቅም። ሰው ይወዳል። ችግሩ አወዳደዱ ላይ ነው። ቡናማ፣ ጆሮው የወደቀ፣ ትንሽ ጥጃ የሚያክል ውሻ ነው። ሰው ሲገባ ካለበት ተወንጭፎ ይመጣና በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ የፊቶቹን እንግዳው ደረት ላይ ጭኖ፣ አገጭም ይሁን እጅጌ ያገኘውን ይልሳል። አሰላ ደግሞ ዝናብ ከጀመረ ጭቃ የሌለበት የውሻ እግር አይገኝም። እንግዳው ልብሱን እያራገፈ ሲገባ አባዬ «አየህ፣ አልነከሰህም» ይለዋል፣ እሱ ራሱ አሠልጥኖት እንደሆነ ሁሉ።

ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ለእረፍት ስመጣ የበልጉ ዝናብ ገብቶ፣ እማዬም አንድ እግሯ በጄሶ ታስሮ ሳሎን በተዘረጋላት አልጋ ላይ ተኝታ ነበር። ከገበያ ስትመለስ ጭቃው አንሸራትቷት ነው። በስልክ ነግረውኝ ስለነበር እግሯ ብዙም አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ነው።

ያ ወንበር የጎረቤታችን ነው። እኛ ልጆቹ «አዴ» እንላቸዋለን፣ እናት እንደማለት። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። እሳቸውና እማዬ ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከሰዓት በኋላቸውን የሚያሳልፉት አብረው ነው። አዴ ከዙሁር ሰላት በኋላ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ምስር ወይም ስንዴ መሃላቸው አድርገው እየለቀሙ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ሰፈሩን ቤት በቤት ያነሱታል። እማዬ ለሌላ ሰው የማትነግረውን ለእሳቸው ትነግራለች። አባዬ አንዳንዴ ስለ ራሱ አዲስ ነገር የሚሰማው ከአዴ ነው።

አሁን አዴ የሚመጡት እስከ በሩ ብቻ ነበር።

«አካም ቡልቴ? እግርሽ እንዴት አደረ?» ይላሉ ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆመው።

«ደህና ነኝ፣ ግቢ እንጂ!» ትላለች እማዬ በመስኮቱ።

«ሌላ ጊዜ፣ ዛሬ ሥራ አለብኝ» ይሉና ይሄዳሉ። እማዬ ለእኛ «ሥራ በዝቶባት ነው» ትለናለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ወዳጅ ታሞ ተኝቶ ከበር የሚመለስ ሰው ግን እኛ ሰፈር አይታወቅም። አንድ ቀን ሻይ ይዤላት ስገባ «ምን አድርጌያት ይሆን?» ስትል ሰማኋት። የምትናገረው ለራሷ ነበር።

የተዋስነውን ወንፊት ልመልስ ብዬ አዴ ቤት ሄድኩ።

«አዴ፣ እማዬ ያስቀየመችዎት ነገር አለ?»

«ውይ! ምን ታስቀይመኛለች እሷ?»

«ታዲያ ለምን አይገቡም?»

ጉልበታቸውን አነሱ፣ ዝናቡን አነሱ፣ የልጅ ልጃቸውን ጉንፋን አነሱ። እኔ ንቅንቅ አልል ስላልኩ ወንፊቱን ተቀበሉኝና ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ያ ውሻችሁ ነው።»

«አይናከስም እኮ አዴ!»

«ይኸው! ሁሌ የምትሉኝ እሱን ነው። መንከሱን መች ፈራሁ? የእኔ ጣጣ ከምራቁ ጋር ነው። ለሰላት ታጥቤ፣ ንጹህ ልብሴን ለብሼ እመጣለሁ፤ ቡችላ ሳለ በእግሬ ገፋ አደርገው ነበር፤ አሁን አድጎ ዘሎ ይልሰኛል። በቃ፣ በዚያ ልብስ አልሰግድም። ደጋግሜ ማጠብ አለብኝ፣ አንዱን ጊዜ ደግሞ በአፈር። በዚህ ዝናብ የአሰላ ልብስ መች ይደርቃል? የታመመን ሰው ደግሞ ‹ውሻሽ አረከሰኝ› ይሉታል?»

ስንት ዘመን አብረን ኖረን፣ አንዳችንም አስበነው አናውቅም።

ማታ እራት ላይ ነገርኳቸው። እማዬ መጀመሪያ እፎይ አለች፣ ቀጥላ ተናደደች። «እኔ እዚህ ራሴን ስበላ!» አለች። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ «ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገረችንም?» ብሎ ጥፋቱን ወደ አዴ ለማዞር ሞከረ። ባጃጅ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ «ምን ያከራክራል፣ ማሰር ነው» አለና በማግስቱ በገመድ አሰረው።

ታስሮ የማያውቅ ውሻ እንዴት እንደሚጮህ የሰማ ያውቀዋል። እማዬ ጆሮዋን በትራስ ያዘች። ገመዱን እየጎተተ አንገቱን አቆሰለ። ቀስ በቀስ ሳያለማምዱት አስሮ መተው ሥልጠና እንዳልሆነ እያስረዳሁ ሳለ አባዬ ወጥቶ ፈታው። «ምን በድሎ ነው የሚታሰረው?» አለ። ውሻው ደረቱ ላይ ወጥቶ አመሰገነው። አባዬም ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ አጎረሰው።

በስልኬ ስለ ውሻ ሥልጠና ያገኘሁትን ሁሉ አየሁ፣ የኢንተርኔት ጥቅሌ እስኪያልቅ። ከዚያ ሁሉንም እማዬ አልጋ ዙሪያ ሰብስቤ ገለጽኩላቸው። በረንዳው ጥግ ላይ የታጠፈ ጆንያ እናነጥፍለታለን። በር ሲንኳኳ «ጆንያ» እንለዋለን፤ ሄዶ ሲቀመጥ የሚወደውን ነገር እዚያው እንሰጠዋለን። ሰው ላይ ሲዘል ግን አንመታውም፣ አንጮህበትም፣ አንዳብሰውም፤ ዝም ብለን ጀርባ እንሰጠዋለን። አራቱም እግሮቹ መሬት ካልነኩ ከማንም ምንም አያገኝም። ዋናው ነገር ሁላችንም አንድ ዓይነት መሆናችን ነው። ስም እንኳን ተስማምተን አላወጣንለትም፤ አባዬ በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ወንድሜ በኳስ ተጫዋች ስም፣ እማዬ ደግሞ «አንተ» ትለዋለች።

«እሺ» አሉ ሁሉም። እኔም አመንኳቸው።

ዳቦ ለሥልጠናው አልሠራም። ከአባዬ በነጻ ስለሚያገኝ በዳቦ አይታዘዝም። ሳንባ ግን ይወዳል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ እኛ የምናውቃቸው ሥጋ ቤቶች ዝግ ስለነበሩ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባ ገዛሁ፣ በአሮጌ ድስት ደጅ ላይ ቀቀልኩት፣ በጣት ጥፍር መጠን ከታተፍኩት። ሽታው በመስኮት ገባ።

«በጾም ሳንባ ይቀቀላል በቤቴ?» አለች እማዬ።

«ለውሻው ነው እማዬ። አዴ እንዲመጡ ብዬ ነው።»

«ይሁን። ግን ክዳኑን ክደኚው።»

ውሻው ጎበዝ ነበር። ወንድሜ ከውጭ ያንኳኳል፣ እኔ «ጆንያ» እላለሁ፣ ሳንባውን እያሳየሁ እወስደዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሳላሳየውም መሄድ ጀመረ። ሳምንቱ ሳያልቅ በሩ ሲንኳኳ ራሱ ሮጦ ጆንያው ላይ ቁጭ ይልና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በደስታ ላለቅስ ደርሼ ነበር።

ከዚያ ቤተሰቤ ተራ በተራ አፈረሰው። ወንድሜ ምሳ ሰዓት ላይ ከሙስሊም ምግብ ቤት አጥንት በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ፌስታሉን ከፍ አድርጎ ያወዛውዘዋል፣ ውሻው ይዘላል፣ ወንድሜ ይስቃል።

«ዝለል እያልከው እኮ ነው!»

«ስፖርት ነው ዶክተር። ውፍረት እንዳይዘው።» ገና ትምህርት ክፍል ሳልመርጥ ነው ዶክተር የሚለኝ።

እማዬ ከአልጋዋ እንኳን ሳትነሳ፣ ተኝታ ታበላሻለች። ውሻው ሹልክ ብሎ ገብቶ የፊት እግሮቹን አልጋዋ ላይ ሲጭን ጆሮውን ታካለታለች። «ብቸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ትላለች።

የባሰው ግን አባዬ ነው። እኔ በር ስከፍት ውሻው ጆንያው ላይ ነው። አባዬ ሲከፍት ግን እንደ ድሮው ደረት ላይ ይወጣል። ውሻው የለየው በሩን ሳይሆን ሰዉን ነበር፦ እሷ ካለች ጆንያ፣ እሱ ካለ ዝላይ። እኔ ደግሞ መመለሻዬ ደርሷል። ከሄድኩ በኋላ በሩን የሚከፍተው አባዬ ነው። ያኔ አዴ አንዴ ከተላሱ፣ እስከ በሩም መምጣታቸውን ይተዉታል።

አባዬ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ቁርሱ ላይ ከጠረጴዛው ሥር ዳቦ ሲያቀብለው አየሁት።

«አባዬ! እሺ አላልክም?»

«ይቺ ቁራሽ ናት።»

«ቁራሿ ናት እኮ የምታበላሸው! እኔ ቀኑን ሙሉ አስተምረዋለሁ፣ አንተ ታፈርሰዋለህ። ተማሪህን እያስተማርከው ሳለ በመስኮት ከረሜላ ቢያቀብሉት ምን ትል ነበር?»

አባዬ ማኘኩን አቆመ። «በዚህ ዕድሜዬ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አዎ» አልኩ። እማዬ ከሳሎን «ተማር! ምን አለበት!» ስትል ተሰማ።

ካፖርቱን ከተሰቀለበት አወረድኩና ሳንባ በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ።

«በዐቢይ ጾም ኪሴ ውስጥ ሥጋ!»

«አንተ አትበላውም አባዬ።»

«ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ካፖርት እኮ ነው!»

«ሌላ ልበስ።»

አልለበሰም። ብርድ አይችልም፣ ካፖርቱም ያው አንድ ነው። ወንድሜ እያንኳኳ ልምምድ ጀመርን። አባዬን ማስተማር ከውሻው ይከብዳል። ውሻውን «ጆንያ» ከማለት ይልቅ ማብራሪያ ይሰጠዋል፦ «ስማ፣ አሁን እንግዳ ስለመጣ፣ አንተ ደግሞ ወደዚያ ሄደህ…» ይለዋል። አባዬ ማብራሪያውን ሳይጨርስ ውሻው ትከሻው ላይ ነው።

«አንድ ቃል ብቻ አባዬ!»

«ምክንያቱን ማወቅ የለበትም?»

«የለበትም!»

ወንድሜ ከበሩ ውጭ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ማንኳኳቱን ላቁም ወይስ ትምህርቱ ቀጥሏል?» ይላል።

ካምፓስ ልመለስ ስል አዴን ጠራኋቸው። አሮጌ ቀሚስ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው መጡ። በሩን አንኳኩ። እኔ ሆን ብዬ ማድ ቤቱ በር ላይ ቀረሁ፤ በሩን አባዬ ከፈተ። ውሻው ተነሳ። አባዬ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ረጅም ማብራሪያ ሊጀምር። ዋጠው። «ጆንያ!» አለ፣ በክፍል ድምፁ። ውሻው አየው፣ ኪሱን አየ፣ ሄዶ ተቀመጠ። አባዬ በችኮላ ላስቲኩን መፍታት ቢያቅተው ሙሉ ጥቅልሉን ሰጠው። እየሮጥኩ ሄጄ ላስቲኩን ከአፉ አወጣሁ። አዴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በድንጋዩ መተላለፊያ ቀስ ብለው አለፉና ገቡ።

«ጠፋሽ» አለች እማዬ።

«ዝናቡ ነው» አሉ አዴ።

ትንሽ ቆይቶ ስለ ላይኛው ሰፈር ሠርግ ሲያወሩ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ እማዬ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

እኔ በረንዳው ላይ በኩራት ተቀምጬ ሳለ ነው ስህተቴ የታየኝ። ውሻውን ያስተማርኩት ከውጭ ለሚገባ ሰው ነው። ከቤት ለሚወጣ ሰው አላስተማርኩትም። ለሚወጣ ሰው በር አይንኳኳም። ይህን እያሰብኩ ሳለ የሳሎኑ በር ተከፈተና አዴ ብቅ አሉ። ውሻው ዘሎ ተነሳ። አባዬ «ስማ፣ አንተ…» ብሎ ጀመረ።

አዴ ግን ጃንጥላቸውን ፊታቸው ዘርግተው «ጆንያ!» አሉ፣ በጣም ረጋ ብለው። ውሻው ቀጥ አለ። ጃንጥላውን አየ። ከዚያ ጅራቱን እየወዘወዘ ወደ ጥጉ ሄደና ተቀመጠ።

«መምህር፣ ይስጡት እንጂ!» አሉ አዴ። «እኔ አልነካው!»

አባዬ ኪሱን ዳበሰ። ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉንም ሰጥቶታል። እኔ ወደ ድስቱ ሮጥኩ።

«እኔ ነገም እመጣለሁ» አሉ አዴ እየሄዱ፣ ለአባዬ እንጂ ለእኔ አይደለም። «እርስዎ ብቻ ኪስዎን አይርሱ።»

ካምፓስ ከገባሁ በኋላ እማዬ ጋ ደወልኩ። ምን ያህል ሳንባ እንደሚሰጡት፣ ሰው ሲወጣም ሲገባም «ጆንያ» ይሉት እንደሆነ፣ አባዬ ከጠረጴዛ ሥር ማቀበሉን ትቶ እንደሆነ፣ የምጠይቀው ብዙ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ አሁንም በእጁ…»

«ምን አልሽ? አይሰማም።» ከኋላዋ የሰው ሳቅና ምስር ሰፌድ ላይ ሲፈስ ይሰማል። «ኋላ ደውዪ ልጄ፣ አዴሽ መጥታለች» አለችና ዘጋችብኝ።